ፊልም ኗር፦ ገዳዩን ተዉት፣ ጥላውን እዩ

ሌሊት ነው፤ ሎስ አንጀለስ። አንድ መኪና የትራፊክ ምልክት ጥሶ እየበረረ ይመጣና ትልቅ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የወጣው ሰውዬ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። እርምጃው ከብዶታል፤ ቆስሏል። ወደሚሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ ይወጣና ድምፅ መቅጃ ፊት ይቀመጣል። ከዚያ ሰው መግደሉን፣ ለገንዘብና ለሴት ብሎ መግደሉን፣ በመጨረሻ ግን ገንዘቡንም ሴትዮዋንም አለማግኘቱን ይናገራል። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው።

ይህ የ1944ቱ «ደብል ኢንደምኒቲ» ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ጋብዤ ይህን ፊልም ሳሳይ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ገዳዩ ከመጀመሪያው ከታወቀ ምን ልንጠብቅ ነው?» ቀጥሎ ደግሞ «ጥቁርና ነጭ ነው እንዴ?» ይባላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ሰው ፊልም ኗር ጀምሮ የሚተወው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ስለሆነ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ስሙ ከየት መጣ?

«ኗር» በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። ፊልም ኗር፣ ጥቁር ፊልም። ፊልሞቹ ግን የአሜሪካ ናቸው። ታዲያ ስማቸው እንዴት ፈረንሳይኛ ሆነ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፈረንሳይን ይዘው በነበረበት ጊዜ አዲስ የሆሊውድ ፊልም ፓሪስ አይገባም ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ጎረፈ። የፓሪስ ተመልካች «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን፣ «ላውራ»ን፣ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን አከታትሎ አየ። ከጦርነቱ በፊት የሚያውቃት ሆሊውድ እንዲህ አልነበረችም። በ1946 ኒኖ ፍራንክ የሚባል የፊልም ሃያሲ ስለ እነዚህ ፊልሞች ሲጽፍ «ጥቁር ፊልም» አላቸው። ስሙም በዚያው ጸና።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለውጡን ያን ያህል ልብ አላሉትም። እነሱ ፊልሞቹን ያዩት በየዓመቱ አንድ አንድ እያሉ ነው። አጠገባችሁ የሚያድግ ልጅ ቁመቱ አይታያችሁም፤ ከዓመታት በኋላ ሊጠይቃችሁ የመጣ ዘመድ ነው «ውይ፣ እንዴት አድጓል!» የሚለው። ፈረንሳዮቹ እንደዚያ ዘመድ ናቸው። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ሲሠራ ኗር ልሥራ ብሎ አልተነሣም፤ ቃሉን በዚያን ጊዜ ሆሊውድ ውስጥ የሚያውቀው አልነበረማ።

ኗር የፊልም ዓይነት ነው ወይስ ምን?

እዚህ ላይ የፊልም ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የካውቦይ ፊልም በቀላሉ ይለያል፤ ፈረስ አለ፣ በረሃ አለ፣ ሽጉጥ አለ። ኗር ግን መርማሪ ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። ቤት ውስጥ የተዘጋች የቤት እመቤት ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ የቦክሰኛ ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ የረሳናት የድሮ ኮከብ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

እኔ ነገሩ የገባኝ ትዝታን ሳስብ ነው። ትዝታ ቅኝት ነው። በእሱ ስለ ፍቅረኛ ይዘፈናል፣ ስለ እናት ይዘፈናል፣ ስለ አገር ይዘፈናል። ግጥሙ ምንም ይሁን ምን ክራሩ ገና እንደተመታ «ትዝታ ነው» ትላላችሁ። ኗርም እንደዚያ ያለ ቅኝት ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ክፉም ደግም ያልሆነ ሰው አለ፤ አንድ ቀን የማይገባ ነገር ውስጥ እግሩን ያስገባል። ስህተት መሆኑን እያወቀ ነው የሚያስገባው። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ሁሉ እግሩን ለማውጣት የሚታገለው ትግል ነው። ከተማው ሌሊት ነው፣ አስፋልቱ ረጥቧል፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። በ1950ው «ሰንሴት ቡልቫርድ» ታሪኩን የሚተርክልን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ የተንሳፈፈ ሰው ነው።

አሁን ለምን ገዳዩ ከመጀመሪያው እንደሚነገረን ግልጽ የሚሆን ይመስለኛል። ተራው የወንጀል ፊልም «ማን ገደለው?» ይላል። ኗር ደግሞ ይህ ሰው፣ ልክ እንደኔና እንደናንተ ቢሮ ገብቶ የሚወጣ ሰው፣ እዚህ እንዴት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። ውጤቱን ስለምናውቅ ዓይናችን መንገዱ ላይ ያርፋል። ሰውዬው ፈገግ ባለ ቁጥር እኛ እንሳቀቃለን።

የተለመደው አቆጣጠር ዘመኑን ከ1941ዱ «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ጀምሮ በ1958ቱ «ተች ኦቭ ኢቪል» ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ለምሳሌ የ1974ቱ «ቻይናታውን»፣ አዲሱ ኗር ይባላሉ።

ጥላው ለምን በዛ?

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

የዚያን ዘመን ስቱዲዮ የተዋናይን ፊት ሲያበራ በመሠረቱ ሦስት መብራት ይጠቀም ነበር። አንዱ ዋናው ነው፤ ከፊት በኩል ትንሽ ጎን ይዞ ይመታል። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ዋናው መብራት ፊት ላይ የጣለውን ጥላ ያጠፋል። ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ፀጉርና ትከሻን ከግድግዳው ይለያል። ሦስቱም ሲበሩ ፊቱ ጥርት ይላል፣ ቆንጆ ይሆናል፣ የሚደበቅ ነገር የለም።

የኗር ካሜራማኖች ሁለተኛውን መብራት ቀነሱት፤ አንዳንዴ ጭራሽ አጠፉት። መብራት ሄዶ ሻማ ለኩሳችሁ ስትቀመጡ አስቡት። ቀን ሙሉ ያያችሁት የወንድማችሁ ፊት ግማሹ ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ ከእሱ የሚበልጥ ጥላ ይቆማል፣ ያው ሰው ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ይመስላል። ይኸው ነው። አንዲት አምፖል በመጥፋቷ ስለ ሰውዬው ያለን ስሜት ይለወጣል፤ ማንም «ይህን ሰው አትመኑት» ሳይለን መጠርጠር እንጀምራለን።

«ደብል ኢንደምኒቲ»ን የቀረጸው ጆን ሳይትዝ ሳሎኑ የታፈነና ጨለም ያለ እንዲመስል ፈልጎ አየሩ ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ ነዛበት። ከመስኮቱ መጋረጃ የሚገባው ብርሃን ብናኙ ላይ ሲያርፍ ይታያል። መጋረጃው አግድም የተደረደሩ ጠፍጣፋ ዘንጎች ያሉት ዓይነት ነው፤ ጥላው ሰው ላይ ሲወድቅ የእስር ቤት ፍርግርግ ይመስላል። የኢንሹራንስ ሻጩ ገና ወንጀሉን ሳያስበው፣ ገና ሳሎን ውስጥ ቆሞ እያለ፣ ብርሃኑ አስሮታል።

ከካሜራማኖቹ የኔ ምርጫ ጆን አልተን ነው፤ ሃንጋሪ ተወልዶ ሆሊውድ የሠራ ሰው ነው። በ1949 ስለ ሙያው ባሳተመው መጽሐፍ ሥራውን በብርሃን እንደ መሳል ነው የቆጠረው። የ1955ቱን «ዘ ቢግ ኮምቦ» መጨረሻ ብታዩ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባችኋል። ጉም አለ፣ ከጀርባ አንድ መብራት አለ፣ ሁለት ሰዎች እንደ ጥቁር ቅርጽ ቆመዋል። ሌላ ምንም የለም። በዚያ ምስል ላይ ቀለም ጨምሩበት ብትሉኝ ምኑ ላይ እንደምጨምር አላውቅም።

ገንዘብም ጉዳይ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ መንግሥት ለአንድ ፊልም ትዕይንት መሥሪያ የሚወጣው አዲስ ዕቃ ከ5,000 ዶላር እንዳይበልጥ ገደበ። ጨለማ ደግሞ የሌለ ግድግዳ ይሸፍናል። በዚያ ላይ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር፤ ሁለተኛው ፊልም በትንሽ ገንዘብ፣ በጥድፊያ ነው የሚሠራው። ብዙ ኗር የተወለደው እዚያ ነው። ግን ድህነቱ ብቻውን ይህን ውበት አይወልድም። ርካሽ ሆነው አስቀያሚ የሆኑ ፊልሞችም በዚያው ዘመን ሞልተዋል።

ለምን በዚያ ጊዜ? ለምን እዚያ?

ዳይሬክተሮቹ እነማን እንደሆኑ ስታዩ መልሱ ብቅ ይላል። ቢሊ ዋይልደር፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ፣ ኦቶ ፕሪሚንገር። ሁሉም ከጀርመንና ከኦስትሪያ የመጡ ናቸው፤ ሂትለር ሥልጣን የያዘበት ዘመን ነው ከአውሮፓ ያስወጣቸው። ዋይልደር በርሊንን የለቀቀው በ1933 ነው። እናቱ ቀርታ በናዚዎች ዘመን አለቀች። እነዚህ ሰዎች የሠለጠነ የሚመስል ከተማ በአንድ ሌሊት ምን ሊሆን እንደሚችል በዓይናቸው ያዩ ናቸው። በሻንጣቸው ደግሞ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልሞችን የጥላ ጥበብ ይዘው መጡ።

ታሪኮቹን የሰጧቸው አሜሪካዊ ደራሲዎች ናቸው። ዳሺል ሃሜት እውነተኛ የግል መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። ሬይመንድ ቻንድለርና ጄምስ ኤም ኬን አሉ። ዓረፍተ ነገራቸው አጭር ነው፣ ሰው አያሞግሱም፣ ሀብታም ቤት ሲገቡ ጓዳውን ነው የሚያዩት።

ተመልካቹስ? ተመልካቹ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ነው። ሲመለስ ሚስቱ ፋብሪካ ገብታ የራሷን ደመወዝ ስታገኝ ቆይታለች። ሁለቱም ተለውጠዋል፣ ስለ ለውጡ ግን በግልጽ የሚያወራ የለም። ፊልሞቹ ውስጥ ያለው በወንድና በሴት መካከል ያለ አለመተማመን ከዚያ ነው የመጣው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ሳንሱር እያለ ይህ ሁሉ እንዴት አለፈ?

ሆሊውድ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሥራ ላይ ውሎ እስከ 1968 ቆየ። ወንጀለኛ ሳይቀጣ መቅረት የለበትም፣ አልጋ ላይ የሚሆነው አይታይም፣ ግድያ በዝርዝር አይታይም። «ደብል ኢንደምኒቲ» የተሠራበት የኬን ልቦለድ ራሱ በዚህ ደንብ የተነሣ ለዓመታት ፊልም ሳይሆን ቆይቷል።

ደንቡ ግን ያላሰበውን ነገር አደረገ። ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ መቀጣቱ የማይቀር ከሆነ፣ ፊልሙ ሁሉ ወደማይቀር ነገር የሚደረግ ጉዞ ይሆናል። ኗር ላይ ያለው «ዕጣ ፈንታ» የሚባለው ስሜት በከፊል ከደንቡ የተገኘ ነው።

ሌላውን ደግሞ እዩ። «ደብል ኢንደምኒቲ» ውስጥ ባልየው የሚገደለው መኪና ውስጥ ነው። ሚስትየዋ ትነዳለች፣ ባልየው አጠገቧ ነው፣ ገዳዩ ከኋላ ተደብቋል። ግድያው ሲጀመር ካሜራው ሚስትየዋን ወደምትጫወተው ወደ ባርባራ ስታንዊክ ፊት ዞሮ እዚያው ይቀራል። የምንሰማው የትግል ድምፅ ብቻ ነው። እሷ ፊት ለፊት መንገዱን እያየች ነው። አትጮህም፣ አትዞርም። ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ይመጣል፤ እርካታ ልበለው? ስንት ጊዜ አይቼው እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። አንድ ጠብታ ደም የለም፤ እኔ ግን ከዚያ የሚከብድ የግድያ ትዕይንት አላየሁም።

ኮከቦቹስ?

ከስታንዊክ ልጀምር፤ ለኔ ከሁሉም በላይ ናትና። ብሩክሊን ውስጥ በ1907 ስትወለድ ስሟ ሩቢ ስቲቨንስ ነበር። እናቷ የሞተችው እሷ 4 ዓመቷ ላይ ነው፤ አባትየው ጥሏቸው ሄደ፤ ልጅቷ ሰው ቤት እየተዘዋወረች አደገች። በወጣትነቷ የመድረክ ዳንሰኛ ሆነች። ለኦስካር 4 ጊዜ ታጭታ አንዴም አላሸነፈችም፤ በ1982 የክብር ሽልማት ሰጧት። ትወናዋን ስታዩ የምታስመስል አይመስልም። ፊቷ ሌሎች ተዋናዮች በእጃቸውና በድምፃቸው የሚናገሩትን ዝም ብሎ ይዞ ይቀመጣል።

እሷ የተጫወተችው ዓይነት ገጸ ባሕርይ «ፋም ፋታል» ይባላል፤ የሚያፈቅራትን ወንድ ለጥፋት የምትዳርግ ሴት ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ዝም ብሎ የክፉ ሴት ተረት አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም። እነዚህ ሴቶች ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ፤ ያሉበት ቤት ግን ምንም መውጫ የለውም። ወንዱም ተታሎ አይደለም የሚገባው። በሩን ራሱ ያንኳኳል።

ሪታ ሄይዎርዝን ስታዩ ይህ የበለጠ ያማል። ትክክለኛ ስሟ ማርጋሪታ ካርመን ካንሲኖ ነው፤ ስፓኛዊ ዳንሰኛ አባቷ ገና በልጅነቷ መድረክ ላይ አወጣት። ስቱዲዮው ስሟን ለወጠ፣ ፀጉሯን ቀባ፣ የግንባሯን የፀጉር መስመር ሳይቀር በሕክምና አነሣ። በ1946ቱ «ጊልዳ» ውስጥ ዘፈን እየዘፈነች ረጅም ጓንቷን ታወልቃለች። ዓለም ያንን ጓንት እስከዛሬ አልረሳም። እኔ ግን የምላችሁ ከጓንቱ ይልቅ ዓይኗን እዩ ነው፤ ያቺ ሴት እየተናደደች ነው የምትዘፍነው።

ሃምፍሪ ቦጋርት 1930ዎቹን ያሳለፈው በአብዛኛው ተኩሰው የሚጥሉት ወንበዴ ሆኖ ነው። «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» የደረሰው ሌላ ተዋናይ፣ ጆርጅ ራፍት፣ እምቢ ስላለ ነው። ዕድሜው 40 አልፎ ነበር። ቁመናው ወይም መልኩ የኮከብ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነው ያለው፣ ሰው ያመነውም ለዚያ ይመስለኛል። ሎረን ባኮል በ1944 የመጀመሪያ ፊልሟን ከእሱ ጋር ስትሠራ 19 ዓመቷ ነበር። በጣም ከመፍራቷ የተነሣ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ዓይኗን ብቻ ወደ ላይ አነሣች። ያ አተያይ መለያዋ ሆነ። በ1945 ተጋቡ።

ሮበርት ሚቸም እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፤ «አውት ኦቭ ዘ ፓስት» (1947) ላይ ያንን ድካም ጌጥ አድርጎታል። ግሎሪያ ግራሃም ደግሞ «ዘ ቢግ ሂት» (1953) ላይ የፈላ ቡና ፊቷ ላይ ከተደፋባት በኋላ የምታደርገውን አልነግራችሁም። እዩት።

አንድ ስም ልጨምር፤ ሃሪ ቤላፎንቴ። በዚያ ዘመን ኗር ውስጥ ጥቁር ሰው ብዙውን ጊዜ በር ከፋች ወይም ጫማ ጠራጊ ነበር። ቤላፎንቴ በ1959 በራሱ ኩባንያ «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮ»ን አሠርቶ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ፤ ባንክ ለመዝረፍ ከአንድ ዘረኛ ነጭ ጋር የሚጣመር ሙዚቀኛ ሆኖ። የፊልሙ ጸሐፊ ኤብራሃም ፖሎንስኪ በግራ ፖለቲካው የተነሣ ሆሊውድ እንዳይሠራ የታገደ ሰው ስለነበር ስሙ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም።

ታሪኩ ይምታታብኛል፣ ምን ላድርግ?

አትጨነቁ። በ1946ቱ «ዘ ቢግ ስሊፕ» ውስጥ አንድ ሹፌር ሞቶ ይገኛል። ፊልሙን የሚሠሩት ሰዎች ማን እንደገደለው ግራ ቢገባቸው ልቦለዱን የጻፈውን ቻንድለርን ጠየቁት። እሱም እንደማያውቅ መለሰላቸው። ፊልሙ ዛሬም በፍቅር ይታያል። ስለዚህ ማን ለማን ምን እንዳለ ቢያመልጣችሁ ወደ ኋላ አትመልሱት። ሰዎቹ ክፍል ውስጥ የት እንደቆሙ፣ ማን ብርሃን ላይ ማን ጨለማ ላይ እንዳለ እዩ። አብዛኛው ታሪክ እዚያ ነው።

ከየትኛው ልጀምር?

«ደብል ኢንደምኒቲ»። ማታ ይሁን፣ የክፍሉ መብራት ይጥፋ፣ በስልክ ሳይሆን በምታገኙት ትልቁ ስክሪን ይሁን፤ ጥላ በትንሽ ስክሪን ላይ ዝም ብሎ ጥቁር ነገር ነው የሚመስለው። ቀጥሎ «አውት ኦቭ ዘ ፓስት»። ጊዜ ካጠራችሁ የ1945ቱ «ዲቱር» አለ። ከ70 ደቂቃ አይበልጥም፣ በጣም በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነው፣ የቅጂ መብቱ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ።

«ደብል ኢንደምኒቲ»ን ስታዩ አንድ ነገር ተከታተሉልኝ፤ ክብሪቱን። የሻጩ የሥራ ባልደረባ፣ ኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን የሚጫወተው ሽማግሌ፣ ሲጋሩን አፉ ላይ አድርጎ ኪሱን ይዳብሳል። ክብሪት የለውም። ሻጩ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ያቀጣጥልለታል። ደጋግመው ያደርጉታል፤ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚዋደዱ በቃል የሚናገር የለም፣ ክብሪቱ ነው የሚናገረው። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ክብሪቱን ማን ለማን እንደሚለኩስ እዩ።